ጋሽ ይልማ ያላዩትን አይመሰክሩም

ጋሽ ይልማ ማረፋቸውን የነገረኝ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው አብዶሽ ነው። ሥራ ላይ ነበርኩ። ስልኬ ሲጮኽ፣ ሊያጠብብልኝ የሰጠሁት ቀሚስ አልደረሰም ሊለኝ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ዘጋሁበት። ሦስተኛው ላይ አነሳሁ። «መሠረት፣ ጋሽ ይልማ የሉም» አለኝ። የት ሄዱ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ድምፁ ሲሰበር ገባኝ። ጠዋት እንደ ልማዳቸው የማስታወቂያ ሰሌዳዎቹን ዞረው፣ ሱቃቸውን ከፍተው፣ ወንበራቸው ላይ እንደ ተቀመጡ ነው ያረፉት። አብዶሽ ሻይ ይዞላቸው ሲገባ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነበር። የሚያነቡት ነገር ነበራቸው ማለት ነው። እሳቸው ሲያነቡ መነጽራቸውን ወደ ላይ ይሰቅላሉ እንጂ ዐይናቸው ላይ አያደርጉም።

ከሐረር ግንብ መግቢያዎች አንዱ በሆነው ፈላና በር አጠገብ በሩ አረንጓዴ የሆነ አንድ ክፍል ሱቅ ነበራቸው። «ጽሕፈት፣ ኮፒ፣ ማመልከቻ» የሚል ጽሑፍ በእጃቸው ጽፈው በሩ ላይ ለጥፈዋል። የደብረ ማርቆስ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው በአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኛ አስተዳደር ውስጥ ተመድበው፣ ለሁለት ዓመት ተብለው ነበር ሐረር የመጡት። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሠራተኛ ማኅደር ከሚቀመጥበት ክፍል አልወጡም። ለምን አገርዎ አልተመለሱም የሚላቸው ሰው ሲመጣ፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው «የዝውውር ደብዳቤ አልደረሰኝም» ይላሉ። ይህን ሲሉ መቶ ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ፤ መቶ ጊዜም ስቄያለሁ።

እኔ ወደዚያ ሱቅ የገባሁት ሌላ ቦታ ስላጣሁ ነው። በገጠር ልማት ተመርቄ ሐረር ከተመለስኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ በየሳምንቱ እየደወለች «እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? ነይ እኔ ጋ» ትላለች። እናቴ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ሐኪም ጋራ የሚባለው ተራራ አቀበት ላይ ሁለታችን ብቻ ነን የምንኖረው። «ሂጂ፣ ስለኔ አታስቢ» ትለኛለች። ይህን የምትለኝ ጉልበቷ እያመማት፣ ግድግዳ ይዛ ከክፍል ወደ ክፍል እየሄደች ነው። በመጨረሻ ከአክስቴ ጋር ተስማማን፤ እስከሚቀጥለው መስከረም ሐረር ውስጥ ሥራ ካላገኘሁ እሄዳለሁ። እስከዚያው ጋሽ ይልማ ዘንድ ማመልከቻ ልተይብ ገባሁ።

የጋሽ ይልማ ዋናው ሥራ ግን ጽሕፈቱ አልነበረም። በየማለዳው ከግንቡ ውጭ ያሉትን መሥሪያ ቤቶች በእግራቸው እየዞሩ፣ በየበሩ የተለጠፈውን የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ይገለብጣሉ። ሲመለሱ መስኮታቸው ላይ በወጠሩት ሲባጎ፣ በልብስ ማስጫ መቆንጠጫ አንድ በአንድ ያንጠለጥሉታል። ሥራ ፈላጊው ሁሉ እዚያ መስኮት ሥር ቆሞ ያነባል። ለዚህ ማንንም አያስከፍሉም። አንድ ቀን አንድ በነርስነት የተመረቀ ሰውዬ፣ ተወዳዳሪ ለመቀነስ ብሎ መሰለኝ፣ የነርስ ማስታወቂያውን መንጭቆ ኪሱ ሲከት አየሁትና ሮጬ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ወጥተው «ወንድሜ፣ ዐይኔ ደክሞብኛል፣ እስቲ ያቺን ወረቀት ጮክ ብለህ አንብብልኝ» አሉት። ሰውዬው ላብ በላብ ሆኖ፣ ከኪሱ አውጥቶ፣ እዚያ ለቆሙት ነርሶች ሁሉ አነበበላቸው። ጋሽ ይልማ አመስግነው ወረቀቱን ሲባጎው ላይ መለሱት።

ስለ አንድ ሰው ሲነገራቸው አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ «አይተሻል ወይስ ነግረውሻል?» እገሌ ጎበዝ ነው፣ እገሊት ሰነፍ ናት ካልኳቸው ይህንኑ ነው የሚጠይቁኝ። ነግረውኛል ካልኩ ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል። መጀመሪያ አካባቢ ያናድደኝ ነበር። ሰው ስለ ሰው ካላወራ በምን ይኖራል?

በዚያን ጊዜ የክፍል ጓደኞቼ ሁሉ ሥራና ባለሙያ የሚገናኙበት ድረ ገጽ ላይ ተጥደው ነበር። ፎቶህን ታስገባለህ፣ የተማርከውንና የሠራህበትን ትጽፋለህ፣ ቀጣሪ ያይሃል ይባላል። እኔም ከፈትኩ። መብራት ባልጠፋና ኔትወርክ ባለ ቀን ለጋሽ ይልማም ልክፈትልዎት አልኳቸው፤ ለሳቅ ነበር። እሳቸው ግን ቁም ነገር አድርገው ያዙት። ፎቶው ሁለቱም ጆሮ የሚታይበት የጉርድ ፎቶ ካልሆነ አይሆንም ብለው ፎቶ ቤት ሄደው ተነሡ። በሥራ ልምድ ቦታ ላይ ከደረጃ ደረጃ ያደጉበትን ደብዳቤ ሁሉ ከነቁጥሩና ከነቀኑ አስጻፉኝ። ምን ሙያ አለዎት የሚለው ጋ ስንደርስ ትንሽ አሰቡና «የጠፋ ማኅደር መፈለግ» በይ አሉኝ።

እንገናኝ የሚል ጥያቄ ሲመጣላቸው ደግሞ ጉድ ፈላ። ከማያውቁት ሰው፣ አንዳንዴም ከባሕር ማዶ፣ ጥያቄ ይመጣል። ሌላው ሰው አንዴ ተጭኖ ያልፋል። ጋሽ ይልማ ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ያስጽፉኛል፤ «ጥያቄዎ ደርሶኛል። ነገር ግን አንተዋወቅም። ሐረር ሲመጡ ፈላና በር ከልብስ ሰፊው አጠገብ ብቅ ይበሉ፤ ከተያየን በኋላ እቀበልዎታለሁ።» እየሳቅኩ እተይባለሁ። አብዶሽን ጠርቼም አነብለታለሁ። «አቦ ጋሽ ይልማ፣ የአሜሪካን ሰውዬ ፈላና በር ልታስመጣው ነው!» እያለ እሱም ይስቃል። እሳቸው አይስቁም።

ገጹን ግን አልናቁትም፤ ይህን ስለሳቸው መዋሸት አልፈልግም። ቶፊቅ የሚባል የፓምፕ ጠጋኝ ነበር፤ ወረቀት የሌለው፣ እጁ ግን ወርቅ የሆነ። ገጽ አስከፈቱትና በእሱ ገጽ ላይ፣ ሰው ስለ ሰው በሚጽፍበት ቦታ፣ ፊደሉን በሁለት ጣታቸው እየፈለጉ ይህን ጻፉ፤ «ቶፊቅ የሰፈራችንን የውሃ ፓምፕ ሁለት ጊዜ ሲጠግን አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ሁለተኛውን ጊዜ የመጣው ሳይጠራ ነው። ለዚህ ቃሌ ኃላፊ ነኝ።» ከሥሩ ሙሉ ስማቸውን እስከ አያት ጻፉ፤ የስልክ ቁጥራቸውንም ጨመሩ። ሌላው ሰው እዚያ ቦታ ላይ «ትጉህና ታታሪ ባለሙያ» ብሎ ነው የሚያልፈው። ብዙ ሳይቆይ ድሬዳዋ ያለ አንድ ድርጅት ለጋሽ ይልማ ደወለ፣ ከዚያ ለቶፊቅ ደወለ፣ ቶፊቅም ሄደ። ጋሽ ይልማ «እንግዲህ ይሠራል ማለት ነው» አሉ። እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው ያዩት፤ ትንሽ ሰፋ ያለ ሰሌዳ።

የኔ ጥፋት የመጣው በጥቅምት ነው። አንድ የእርሻ ፕሮጀክት ከሐረር ወጣ ብላ ባለችው ድሬ ጠያራ፣ ገበሬዎች ጋ የሚሠራ የመስክ አስተባባሪ ፈለገ። ለኔ የተሰፋ ሥራ ነበር፤ የተማርኩት እሱን፣ ቦታው ደግሞ ማታ ወደ እናቴ የምመለስበት። አንድ ነገር ብቻ ጎደለኝ፤ «ኦሮምኛ አቀላጥፎ የሚናገር» ይላል። እኔ ሐረር ነው የተወለድኩት፤ ሐረር ያደገ ሰው ደግሞ አራት ቋንቋ የሚችል ይመስለዋል። ቤቱ በአማርኛ ይነታረካል፣ ጎረቤት ሐረሪ ይሰማል፣ በኦሮምኛ ማንጎ ይከራከራል፣ ሶማልኛ ዘፈን ያንጎራጉራል። ስለዚህ ገጼ ላይ ኦሮምኛ፣ በጣም ጥሩ ብዬ ጻፍኩ። ስጽፈው ውሸት ነው ብዬ እንኳ አላሰብኩም።

ገጹ ደግሞ ሰው ያለሽን ችሎታ አንዴ በመጫን የሚመሰክርልሽ ቦታ አለው። ሐዋሳ ያለችው የክፍል ጓደኛዬ ሕይወት ጻፈችልኝ፤ «አንቺ አመራር ላይ ተጫኚልኝ፣ እኔ ኦሮምኛ ላይ ልጫንልሽ።» ተጫጫንን። ሌሎቹንም ለመንኩ። በሁለት ቀን አርባ ሦስት ሰው ኦሮምኛ እንደምችል መሰከረልኝ። ከነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ኦሮምኛ ሲነገር ቢሰሙ፣ ኦሮምኛ መሆኑን ሰው መጠየቅ ያለባቸው ናቸው።

አርባ አራተኛ እንዲሆኑልኝ ጋሽ ይልማ ጋ ሄድኩ።

«ጋሽ ይልማ፣ እዚህች ጋ አንዴ ይጫኑልኝ።»

መነጽራቸውን ሰቀሉ። «ምን ይላል?»

«ኦሮምኛ ትችላለች ነው የሚለው።»

«ስትናገሪ ሰምቼሽ አላውቅም።»

«እንዴ፣ ገበያ አብረን ሄደን የለም?»

«ገበያ ማንጎ ስትከራከሪ ሰምቻለሁ። እሱን ልጻፍልሽ?»

«ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው ጋሽዬ። ማንም ልብ ብሎ አያየውም።»

«ማንም ካላየው ለምን ፈለግሽው?»

ስሸነፍ አፌ ክፉ ነው። «እርስዎ ሰው ሥራ እንዲያገኝ አይፈልጉም። ካገኘማ ሱቅዎ ማን ይመጣል?» አልኳቸው። ጋሽ ይልማ ጠረጴዛውን በጣታቸው አንጓ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉ። ሊፈርሙ ሲሉ ወይም የሚናገሩት ነገር ሲከብዳቸው የሚያደርጉት ነው። የሱቁን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ጥዬላቸው ወጣሁ።

በሳምንቱ ፕሮጀክቱ ጠራኝ። ገጽሽን አይተን ነው አሉኝ። እናቴን አቅፌ ዞርኩ። ፈላና በር ሄጄ ለሽማግሌው ልነግራቸው ሁሉ አስቤ ነበር፤ ሥራውን ስይዝ ይሻላል ብዬ ተውኩት። የፕሮጀክቱ ኃላፊ አቶ ሙባረክ ረጋ ያለ የሐረር ሰው ነው። ጥቂት ጠየቀኝና «ቢሮ ውስጥ ምን እናወራለን፣ ገበሬዎቹ ጋ እንሂድ» ብሎ መኪና ውስጥ አስገባኝ።

ድሬ ጠያራ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ገበሬዎች ተቀምጠው ጠበቁን። ሰላምታውን አሳመርኩት። ስለ ልጆች፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ጠየቅኩ፤ ይህን ሐረር ውስጥ የማይችል የለም። ከዚያ ፋጡማ የምትባል፣ ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች ሴትዮ ተነሥታ ረጅም ነገር ተናገረች። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ውሃ የሚለውን ቃል ብቻ ነው የለየሁት። ስትጨርስ ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ፈገግ አልኩና «ኤየ» አልኩ፤ አዎ ማለቴ ነው። መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ፋጡማ ብቻ አልሳቀችም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ አቶ ሙባረክ ምን እንዳለችኝ ነገረኝ። «'አምና ፓምፕ እናመጣለን ብላችሁ ዋሻችሁን። ዘንድሮም ልትዋሹን ነው ወይ?' ነው ያለችሽ። አንቺ ደግሞ አዎ አልሻት።» አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከተማ ስንገባ «አይዞሽ፣ ሌላ ቦታ ይገኛል» ብሎ አወረደኝ። ገጹ እንዳስጠራኝ እውነት ነው። ያዋረደኝ ግን እኔው የጻፍኩት ነው።

ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣሁም። አክስቴ ስትደውል እናቴ «ትንሽ አሟታል» እያለች ትመልሳለች። አንድ ጠዋት ተነሥቼ፣ ምን እንደምል ሳላውቅ፣ ፈላና በር ወረድኩ። ጋሽ ይልማ ወረቀት እያንጠለጠሉ ነበር። አንድ መቆንጠጫ አቀበሉኝ። ያዝኩ። አብረን ሰቅለን ስንጨርስ «ሰምቻለሁ» አሉኝ። ሰምቻለሁ ብለው ነገሩን የተቀበሉት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል። ሐረር ውስጥ እንዲህ ያለ ወሬ ከመኪና ቀድሞ ነው የሚገባው።

«ያልኩዎትን ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ተቀመጪ» አሉኝና ያን ቀን ከሠላሳ ዓመት በላይ ለማንም ያላወሩትን ነገሩኝ። ማኅደር ቤት ሳሉ አለቃቸው ለአንድ ሾፌር «ከባድ መኪና ነድቷል» የሚል የሥራ ልምድ አስጽፏቸዋል። አስቸኳይ ነው ስለተባሉ ማኅደሩን አውጥተው ሳያዩ ፈረሙ። ሰውዬው ከባድ መኪና ነድቶ አያውቅም። በዚያ ወረቀት ተቀጠረና በሁለተኛው ወር ቁልቁለት ላይ መኪናው አመለጠው፤ ረዳቱ ሞተ። «ማንም አልጠየቀኝም። ፊርማው ግን የኔ ነው» አሉ። ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ መቱ። ከዚያ ድምፃቸውን ቀይረው «ቅዳሜ የድሬ ጠያራ ሰዎች ገበያ ሲመጡ ማመልከቻ ያስጽፋሉ። እስከ ዛሬ እኔ ነበርኩ የማነጋግራቸው። ከዚህ በኋላ አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ከኅዳር እስከ ሰኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ያ ጠረጴዛ የኔ ሆነ። ጋሽ ይልማ በሩ ውጭ አግዳሚው ላይ ጋዜጣ ዘርግተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ይቀመጣሉ። ስጨነቅ ዞር ይላሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ አይዞሩም። የመሬት፣ የውሃ፣ የጋብቻ፣ የጠፋ መታወቂያ ጉዳይ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ በእጅ በእግር ነበር። ከሦስተኛው ቅዳሜ ጀምሮ እነሱ ሲናገሩ የማላውቀውን ቃል እየያዝኩ ሳምንቱን ሙሉ ለአብዶሽ ደንበኞች እየደጋገምኩ አሰለቸኋቸው። ማታ ሱቁን ስንዘጋ «እንዴት ነኝ?» እላቸዋለሁ። «ገና ነሽ» ይሉኛል። ሌላ ቃል የለም። አንዳንድ ቀን እያለቀስኩ ነው አቀበቱን የምወጣው።

ጥር ላይ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ፋጡማ። በሩ ላይ ቆማ አየችኝና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ኤየ!» አለች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ኤየ ሆነ። ገበያ በመጣች ቁጥር ጉዳይ ባይኖራትም ጎራ ትላለች። ሳጠፋ ትስቅብኛለች፣ ከዚያ ታርመኛለች፣ ለውዝ ትሰጠኛለች። የጋሽ ይልማን ዝምታ የቻልኩት በሷ ሳቅ ነው።

በሰኔ ፋጡማ በእውነት ተጨንቃ መጣች። ጎረቤቷ ወደ ማሳዋ የሚገባውን ቦይ ዘግቶባት ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠየቅኳት፣ መለሰችልኝ፣ ቦዩን በወረቀት ላይ ሣልን፣ ማን መቼ እንደ ቆፈረው ለየን፣ ጽፌ አነበብኩላት። ስጨርስ ሻሿን እያስተካከለች «ዘንድሮስ አትዋሹኝም?» አለችኝ። እኔም በኦሮምኛ «የዘንድሮው ውሸት መንገድ ላይ ነው፤ ከፓምፑ ጋር አብሮ ይደርሳል» አልኳት። ሳቀች፤ ጠረጴዛውን ይዛ እስክትጎብጥ ሳቀች። ቃሉን ሳላስበው ነው የወጣልኝ። ቀና ስል ጋሽ ይልማ ጋዜጣቸውን አጥፈው በሩ ላይ ቆመዋል።

«አሳቅሻት» አሉ።

ፋጡማ እንደ ሄደች ወንበሬን ለቀቅኩላቸው። መነጽራቸውን ሰቅለው በሁለት ጣታቸው ፊደሎቹን መታ መታ ማድረግ ጀመሩ። ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ገጼ ላይ የጻፉት ይህን ነው፤ «መሠረት ከድሬ ጠያራ የመጣችን አንዲት ሴት ስለ ውሃ ክርክር አንድ ሰዓት በኦሮምኛ አነጋግራ፣ ጉዳይዋን በትክክል ጽፋ፣ በመጨረሻም በኦሮምኛ ቀልዳ አስቃታለች። ከበሩ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለዚህ ቃሌ ኃላፊ ነኝ።» ሙሉ ስም እስከ አያት። ስልክ ቁጥር። ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ መቱ።

በሐምሌ ያ የአስተባባሪ ቦታ እንደገና ወጣ፤ እኔን ጥለው የቀጠሩት ሰው ለቆ ሄዶ ነበር። ማስታወቂያውን ገጹ ላይ አየሁት፣ እዚያው አመለከትኩ፣ ተጠራሁ። አቶ ሙባረክ እንደገና ድሬ ጠያራ ወሰደኝ። ፋጡማ ከሩቅ አይታኝ «ኤየ መጣች» ብላ ጮኸች። በነሐሴ ሥራ ጀመርኩ። አክስቴ ተቀየመች፤ እናቴ ግድግዳውን ትታ እኔን ደገፍ አለች።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ እንዴት ሥራ አገኘሽ ላለኝ ሁሉ «ገጹ ነው ያስቀጠረኝ» ስል ኖርኩ። ሥራ የሌላቸውን ሁሉ ክፈቱ፣ ሙሉ፣ ሰው አብዙ እያልኩ መከርኩ። ጋሽ ይልማንም አንድ ቀን «አዩት አይደል ገጹን?» ብዬ አሾፍኩባቸው። «ጥሩ ነው» አሉና ጠረጴዛቸውን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉ። ምን ከብዷቸው እንደ ሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ነርሶች፣ ሾፌሮች፣ አስተማሪዎች፣ የድሬ ጠያራ ገበሬዎች፣ ቶፊቅ ከድሬዳዋ፤ አንዱ አንዱን አያውቀውም፣ ሁሉም ግን ጋሽ ይልማን ያውቃል። አቶ ሙባረክ «አላህ ያጽናችሁ» ብሎ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ወጣቶች በዝግታ ይከራከሩ ነበር፤ አንዱ ያ ገጽ ለሥራ ይጠቅማል ይላል፣ ሌላው ለአዲስ አበባ ሰው እንጂ ለኛ አይሆንም ይላል። እኔ እንደ ልማዴ «እኔን ያስቀጠረኝ እሱ ነው» ልል ስል አቶ ሙባረክ እጄን ነካ አደረገኝ።

«እሱ አይደለም» አለኝ ዝቅ ብሎ። «ሁለተኛ ስታመለክቺ ስምሽን ሳየው 'ያቺ ኤየ ያለችው' ብዬ ልተወው ነበር። አርባ ሦስት ሰው መስክሮልሻል፤ በፊትም መስክረውልሽ ነበራ። ከታች ግን ያ የሽማግሌው ጽሑፍ ነበር። ወላሂ፣ ስልኩን የጻፈ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ገርሞኝ ደወልኩ።»

«ምን አሉዎት?»

«'የመጀመሪያው ጊዜ የጻፈችው እውነት አልነበረም' አሉኝ። 'እኔንም መስክር ብላኝ እምቢ ብያታለሁ። ተቆጥታኝ ሄደች፤ ከዚያ ተመልሳ መጥታ ስምንት ወር ተቀምጣ ተማረች። አሁን እውነት ነው።' መጥፎሽን ሳልጠይቃቸው ስለነገሩኝ ጥሩሽንም አመንኳቸው። ሲዘጉ ደግሞ 'ለሷ እንዳትነግራት፤ ራሷ ያገኘችው ነው፣ ራሷ ያገኘችው ይሁንላት' አሉኝ። እሳቸው እያሉ ቃሌን ጠበቅኩ።»

ተነሥቼ ከድንኳኑ ወጣሁ። ሱቁ ተዘግቷል። ሲባጎው ላይ ባረፉበት ጠዋት የገለበጧቸው አራት ማስታወቂያዎች ተንጠልጥለዋል። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰው ቢሰማ ግድ አልነበረኝም።

በሠልስቱ ማግስት ገጼን ከፈትኩ። አርባ ሦስቱን ምስክርነት አንድ በአንድ አጠፋሁ፤ የጋሽ ይልማ ጽሑፍ ብቻ ቀረ። ከዚያ እኔ ለሌሎች የተጫንኩትን ቆጠርኩ። ሃያ ስድስት ነበር። ከሃያ ስድስቱ ሲሠሩ በዐይኔ ያየኋቸው ሁለት ናቸው። ሃያ አራቱን አነሳሁ። ሕይወት ወዲያው ጻፈችልኝ፤ «ምን ሆነሻል? አመራሬን ለምን አነሳሽው?» ሐረር ስትመጪ ብቅ በይና ስትመሪ ልይሽ ብዬ መለስኩላት። ለሁለቱ ግን አንድ አንድ አንቀጽ ጻፍኩላቸው፤ ምን ሲያደርጉ የት እንዳየኋቸው። ከሥሩ ስሜን እስከ አያቴ ጻፍኩ፤ ስልኬንም።

ሌላው ሳምንት ላይ የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ። ጎልማሳ ድምፅ ነው። ከሁለቱ ስለ አንደኛዋ፣ እህል ስለምታከማቸው ስለ ዘሃራ፣ ሊጠይቀኝ እንደ ፈለገ ነገረኝ። «ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?» አለኝ። ጠረጴዛዬን በጣቴ አንጓ ሁለት ጊዜ መታሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «በዐይኔ አይቻለሁ። ከመጥፎዋ ልጀምርልዎት።»